ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ የማን ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ ቤታችን ውስጥ ስላለው ዋይፋይ ነው፤ በተለይ ስልክ ላይ ደህና ሆኖ ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ስለሚያለቅሰው።

አቦምሳ ላይ «ኔትወርክ የለም» የምትለው ቃል ለሁሉም ነገር መልስ ሆናለች። ገንዘብ ልታወጣ ትሄዳለህ፣ ኔትወርክ የለም። ማመልከቻ ልታስገባ ትሄዳለህ፣ ኔትወርክ የለም። እርግጥ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ ቃሏን ስለለመድናት እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ባለ ችግር ላይም እንለጥፋታለን። ከዚያ ምን እናደርጋለን? ወይ ተስፋ ቆርጠን እንተወዋለን፣ ወይ ፓኬጅ ከፍ እናደርጋለን። ፓኬጅ ከፍ ማድረግ ማለት በየወሩ ተጨማሪ ብር ነው። የአስተማሪ ደመወዝ ደግሞ ለማን ይነገራል፣ ታውቁታላችሁ።

እኔ የኔትወርክ ባለሙያ አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ እቤቴ ቁጭ ብዬ እየለካሁ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። ኢንተርኔት ላፕቶፓችሁ ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከውጭ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፤ በፋይበር ይሁን፣ በመዳብ ሽቦ ይሁን፣ ወይም ሲም ካርድ በሚገባበት የ4ጂ ራውተር ይሁን። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ በአየር የሚሄደው ነው። ዋይፋይ የምንለው ይሄን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ግቢ ያለውን ቧንቧና ውሃ ወደ ቤት የምናስገባበትን ጄሪካን አስቡ። ቧንቧው እየገፋ ቢመጣም ጄሪካኑ ቀዳዳ ከሆነ እንስራው አይሞላም። ጄሪካኑን ሳያዩ «ውሃ ልማት ይስተካከልልን» ማለት፣ ወይም ገንዘብ ጨምሮ ወፍራም ቧንቧ ማስገባት ዋጋ የለውም።

እንዴት ነው የሚለየው? ቀላል ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ የኬብል መሰኪያ አለ። አንድ የኔትወርክ ኬብል ከሰው ተዋሱና ላፕቶፑን በኬብል አገናኙት፤ ዋይፋዩን አጥፉት፤ ከዚያ ፍጥነቱን ለኩ። በኬብል ደህና ከሆነና በዋይፋይ ከወደቀ ችግሩ አየር ላይ ነው፤ የከፈላችሁት ፓኬጅ ምንም አላጠፋም። በኬብልም ያው ከሆነ ያኔ ነው ወደ አገልግሎት ሰጪው መደወል።

ስትለኩ አንድ ነገር እንዳያታልላችሁ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ግን በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «10 ሜጋ» ብላችሁ የገዛችሁት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ቢያወርድ በትክክል እየሠራ ነው። ይሄን ባለማወቅ ብቻ የሚጣላ ሰው ብዙ ነው።

ኬብል ካጣችሁ ሌላ መንገድ አለ። ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ተጫኑና ሲኤምዲ ብላችሁ ጻፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እንግዲህ)። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ፒንግ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። አድራሻው ራውተሩ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው። ይሄ ነገር ላፕቶፑ ራውተሩን «አለህ?» ብሎ ሲጠራው፣ «አለሁ» የሚለው መልስ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደመጣ ይነግራችኋል። እዚያው ቤት ውስጥ ናቸውና ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ጤነኛ ነው። 200 እና 300 ካለ፣ ወይም ጭራሽ መልስ አልመጣም ካለ፣ ላፕቶፑና ራውተሩ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አልተደማመጡም ማለት ነው። ኢንተርኔት ገና አልተነካም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ራውተር አብዛኛው ሰው ቤት የት ነው የሚቀመጠው? ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አንዳንዴም ዳንቴል ለብሶ። ያምራል፤ አልክድም። ግን ቴሌቪዥን ጀርባው ብረት ነው፤ መስታወት ያለው ቡፌ ደግሞ የመስታወቱ ጀርባ በብረት የተቀባ ነው። የዋይፋይ ሞገድ ብረት ሲያገኝ ተመልሶ ይነጥራል። ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ይዋጣል። የጭቃ ግድግዳ በበጋ ሲደርቅ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ክረምት እርጥበት ሲጠጣ ግን የበለጠ ይውጠዋል። በቆርቆሮ የተከፈለ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ዋይፋይ መጠበቅማ ሌላ ነው። ስለዚህ ራውተሩን ከፍ ያለ፣ ገላጣ ቦታ፣ ቢቻል ቤቱ መሐል አድርጉት። ዳንቴሉ ራሱ ሞገዱን አይከለክልም፤ ግን ራውተሩን ያሞቀዋል። አሰላ ብትሆኑ እሺ፣ እዛ ብርድ ነው። እኛ ጋ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ አውልቁለት።

የ4ጂ ራውተር ያላችሁ ደግሞ አንድ ጣጣ አለባችሁ። እሱ ሁለት ጌታ ነው የሚያገለግለው። ከውጭ ካለው የኔትወርክ ማማ ሲግናል ለመቀበል መስኮት አጠገብ መሆን ይፈልጋል፤ ለቤቱ ለማደል ደግሞ መሐል መሆን። እንዲህ ከሆነ መስኮቱን አስቀድሙለት። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ያለውን ላፕቶፑን ይዞ ጠጋ በማለት ማስተካከል ይቻላል፤ ማማውን ግን ጠጋ በል አትሉትም።

ቀጥሎ ሞገዱ ራሱ አለ። ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሁለት ሰፈር ነው፤ በ2.4 ጊጋ ኸርዝና በ5 ጊጋ ኸርዝ። 2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይሻላል፤ ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው። ብሉቱዝም እዚያ ነው፣ ገመድ አልባ ማውስም እዚያ ነው፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም ሲሠራ እዚያው ነው የሚረብሸው። 5ቱ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ አይወድም። 2.4ቱ ላይ ቻናል የሚባሉ መስመሮች አሉ። እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወዳጃችሁን ላፕቶፑ ላይ ስንት የዋይፋይ ስም እንደሚመጣለት ጠይቁት። ያ ሁሉ ሕዝብ ሦስት መስመር ላይ ነው የሚጋፋው። እኛ ጋ ያን ያህል ባይሆንም የጎረቤት ራውተርና የስልክ ሆትስፖት አይጠፋም። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ከሦስቱ ወደ ባዶው መቀየር ይቻላል፤ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ከዚያ ላፕቶፑ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ንኩት፤ ማን እየበላባችሁ እንደሆነ ከላይ ወደ ታች ይደረድርላችኋል። ዊንዶውስ ዝም ብሎ አፕዴት ያወርዳል። ዋንድራይቭ ፎቶ ይጭናል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለው ደግሞ ያወረዳችሁትን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮችም ሊያካፍል ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ዋይፋያችሁን «ሜትርድ ኮኔክሽን» ብታደርጉት አብዛኛው አደብ ይገዛል። ሌላው፣ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ የዋይፋይ ካርዱን ሊያዳክመው ይችላል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር፣ የዋይፋይ ካርዱ ላይ ፓወር ማኔጅመንት የሚል አለ፤ ኃይል ለመቆጠብ እንዲዘጋው የምትፈቅደውን ምልክት አንሱት።

እስካሁን ያልኩት ከብዙ ቦታ የሚገኝ ነው። አሁን ደግሞ እኔ ቤት የሆነውን ላውራችሁ፤ ይሄን ሁሉ የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

እንደምታውቁት በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። የኛ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ ኮምፒውተር በቅጡ ነክተው አያውቁም። ማውስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዴት እንደሚታለፍ፣ የሰዓት ቆጣሪው ጥግ ላይ ወደ ኋላ ሲቆጥር እንዴት እንደማይደነግጡ መልመድ አለባቸው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ ሰባት ተማሪዎች እቤት እየመጡ በተራ ይለማመዳሉ። ላፕቶፑ አንድ ነው፤ የኔው አሮጌ።

ታዲያ አንድ ነገር መደጋገም ጀመረ። ቀን ብቻዬን ስሠራ ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ማታ ልጆቹ ሲመጡ ይሞታል። ጥያቄው ግማሹ ይመጣና ይቆማል። ክቡ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ልጆቹ ሲሄዱ ተመልሶ ይነቃል።

አንድ ጎረቤት አሉን፣ ኦቦ ነው የምላቸው፣ ነጋዴ ናቸው። «መምህር፣ ምን ያደክምሃል፤ ልጆቹ ናቸው እኮ። ሲመጡ ስልካቸውን እያገናኙ ነው የሚበሉብህ» አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ የሚታየው ነገር እንደዚያ ነው የሚመስለው። ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ደግሞ «ስልክህ ላይ ፈጣን ከሆነ ላፕቶፑ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለ። እኛ ሀገር ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም መቼም።

ከሁሉም ያስከፋኝ ግን ሌላ ነው። አንዷ ተማሪዬ፣ በክፍሏ ከፊት ከሚቆጠሩት ናት፣ ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች። ገጹ ቆመ። እጇን ከማውሱ ላይ ቶሎ አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገችው። «ቲቸር፣ እኔ ስነካው ነው የሚቆመው፤ ሌሎቹ ይሥሩ» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

እስቲ አስቡት። ይቺ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ልትቀመጥ ነው። ይዛ የምትሄደው «እኔ ስነካው ይበላሻል» የሚለውን ከሆነ፣ ሒሳቡን ብትችለው ምን ዋጋ አለው? ያን ማታ ነገሩ የኢንተርኔት ጉዳይ መሆኑ ቀረና የልጅ ጉዳይ ሆነ።

በሚቀጥለው ቀን ልምምዱን ትተን ምርመራ እናድርግ አልኳቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው። ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምናደርገው ማለት ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። አንዱ ልጅ ደብተር ይዞ ይመዘግባል።

በኬብል ለካን፣ 17 ሜጋ ቢት። በዋይፋይ፣ 1.4። ስለዚህ ውጭ ያለው መስመር ነፃ ወጣ። ላፕቶፑም ቢሆን በኬብል እየሮጠ ስለሆነ የፎርማት ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎ ሰባቱም ስልካቸውን እንዲያጠፉ አደረግን። 1.4 የነበረው 1.5 ሆነ። ኦቦ የጠረጠሯቸው ልጆች ነፃ ወጡ። ራውተሩን ከቡፌው አንስተን መሐል ጠረጴዛ ላይ አደረግነው፤ ትንሽ ተሻለ፣ ግን አልዳነም። ቻናሉን ወደ 11 ቀየርነው፤ ያው ነው። ወደ ራውተሩ ፒንግ ስናደርግ አንዴ 280፣ አንዴ 310፣ አንዴ ጭራሽ መልስ የለም። ራውተሩ እኮ ሁለት ሜትር አይርቅም!

ቀረ የተባለው ላፕቶፑ ላይ የተሰካው ነገር ነው። ፒንጉ እየሄደ አንድ በአንድ እንንቀል ተባለ። ይቺው ልጅ ነበረች አጠገቡ፤ «አንቺ ንቀይ» አልኳት። ማውሱን ነቀለች፤ ለውጥ የለም። ፍላሹን ነቀለች፤ ለውጥ የለም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ነቀለች፤ 3 ሚሊ ሰከንድ። 2። 3። 2። ልጆቹ ጮኹ። መልሳ ሰካችው፤ 290። ነቀለችው፤ 2። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ሦስቴም ያው።

ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎችና የትምህርት ቪዲዮዎች ያሉት ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ቀን ብቻዬን ስሆን አልፈልገውም። ልጆቹ ሲመጡ ነው የሚሰካው። ለዚህ ነው ከእነሱ ጋር የሚመጣና ከእነሱ ጋር የሚሄድ የመሰለው።

ይሄ የኔ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ዩኤስቢ 3 የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ፣ መረጃ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያስተላልፍ ከገመዱና ከመሰኪያው የሬዲዮ ጫጫታ ይወጣል። ጫጫታው ደግሞ በትክክል 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሰፈር ላይ ያርፋል። ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ላይ የቴክኒክ ጽሑፍ አውጥቷል። የላፕቶፑ የዋይፋይ አንቴና ከመሰኪያው ብዙ አይርቅም። ጆሮህ ሥር ወፍጮ እየፈጨ ከማዶ የሚጠራህን ሰው ለመስማት እንደመሞከር ነው። ስልኬ ለምን ደህና ሆነ? ስልኩ በ5 ጊጋ ኸርዝ ነው የተገናኘው፤ ጫጫታው እዚያ አይደርስበትም። የላፕቶፔ ካርድ ግን የቆየ ስለሆነ 2.4ን ብቻ ነው የሚያውቀው።

መድኃኒቱ ምንም ብር አላስወጣም። ሃርድ ዲስኩን ወደ ጥቁሩ፣ ወደ ዩኤስቢ 2 መሰኪያ ቀየርነው። ፋይል ሲገለብጥ ዘገም ይላል፤ ለፒዲኤፍና ለቪዲዮ ግን ይበቃል። ጥቁር መሰኪያ የሌላችሁ ደግሞ ረዘም ያለ ደህና ገመድ ተጠቅማችሁ ዲስኩን ከላፕቶፑ አርቁት፤ ወይም የምትፈልጉትን ወደ ላፕቶፑ ገልብጡና ንቀሉት። ላፕቶፑ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚያውቅ ከሆነ ወደዚያ ማዛወርም ነው። በዋይፋይ ስንለካ 15 ገባ። ፓኬጁን አልነካነውም።

ልጅቷ ምን አለች መሰላችሁ? «ታዲያ እኔ አልነበርኩም!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንበሩን ሳበችና የራሷን ተራ ጨረሰች። ሃምሳ ጥያቄ፣ አንዴም እጇን ሳታነሳ። አሁን ሌሎቹን የምታለማምደው እሷ ናት። ገጹ ቢቆም መጀመሪያ የምትለው «ቆይ፣ ምን ምን ነው የተሰካው?» ነው።

እኔም ከዚህ ያተረፍኩት ነገር አለ። አንድ ነገር ሲበላሽ እዚያ የተገኘው ሰው ላይ ማሳበብ ለምደናል። ልጆቹ ሲመጡ ተበላሸ፤ ስለዚህ ልጆቹ ናቸው። ክፍል ውስጥም እኮ ይሄው ነው። አንድ ላይ መምጣትና ምክንያት መሆን ለየቅል ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ አንድ በአንድ እየነቀሉ ሲያዩ ነው። ሰባቱም ይሄን በእጃቸው ስላዩት ከደብተር የበለጠ ገብቷቸዋል ብዬ አስባለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ለተቸገራችሁ ቅደም ተከተሉን ላሳጥረው። በኬብል ለኩ። ወደ ራውተሩ ፒንግ አድርጉ። ራውተሩን ከቡፌውና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጡት። ታስክ ማናጀር ላይ የሚበላውን እዩ። የተሰካውን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቻናል ቀይሩ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልተስተካከለ፣ የለካችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ ይዛችሁ አገልግሎት ሰጪው ጋ ሂዱ። «ቀርፋፋ ነው» ከማለት «በኬብል ይሄን ያህል፣ በዚህ ሰዓት» ማለት ይሻላል፤ ቁጥር የያዘ ሰው ይደመጣል።

እዚሁ አቦምሳና አካባቢው ያላችሁ አስተማሪዎች፣ ቤታችሁ የማትጠቀሙበት አሮጌ ላፕቶፕ ካለ አትጣሉት። ፈተናው ሳይደርስ አንድ ሁለት ልጅ ማውስ ቢይዝበት ትልቅ ነገር ነው። የኔትወርክ ኬብል የቸገራችሁም ንገሩኝ፤ የኔው አለ፣ አውሳችኋለሁ፤ መመለሱን ብቻ አትርሱ 😄

መልካም ምሽት።